የዜማ ትምህርትና ወጣቱ ትውልድ፤ ከተድባበ ማርያም እስከ ሰንበት ትምህርት ቤት

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ እስከ ዛሬ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በደራሲው በያሬድ ላይ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ሊቅ መሆኑ፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች ለእርሱ መሰጠታቸው፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰት ተብለው መቆጠራቸው በየጊዜው ተነግሯል። ስለ ተማሪው ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይሁን እንጂ አንድ ዜማ ከ1,400 ዓመት በላይ ሊኖር የቻለው ደራሲው ታላቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። በየትውልዱ ከሽማግሌ አፍ ወደ ልጅ ጆሮ መሻገር ነበረበት። ይህ መሻገር በአንድ ትውልድ ከተቋረጠ ብራናው በዕቃ ቤት ቢቀመጥም ዜማው የለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የመዳከሙና የማንሠራራቱ ታሪክ፣ በአብዛኛው፣ ወጣቱ ወደ ትምህርቱ የመምጣቱና ከትምህርቱ የመራቁ ታሪክ ነው።

ነገሩን ትውፊቱ ራሱ ዘንግቶት አያውቅም። በገድሉ እንደሚተረከው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የአጎቱን የመምህር ጌዴዎንን ቁጣ ሸሽቶ ሲሄድ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ከፍሬው ሲደርስ ተመልክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ስለ ነበሩት፣ ሰዓታቱን ስለ ደረሱት ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም ተመሳሳይ ነገር ይተረካል፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርቱ አልያዝ ብሏቸው ለረጅም ጊዜ እህል ሲፈጩ ኖሩ ይባላል። ሁለቱም ትረካዎች ገድል እንጂ ሰነድ አይደሉም። ቢሆንም በዜማ ቤት ጎጆ ውስጥ ለዘመናት የተነገሩት ለማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ትናንት የተሰጠውን ትምህርት ረስቶ የተገረፈ የ12 ዓመት ልጅ፣ ታላላቆቹ ሊቃውንት እንደ እርሱ ደካማ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ይሰማ ዘንድ የተነገሩ ናቸው። የዜማ ትምህርት ገና ከጥንቱ ተማሪውን በትምህርቱ ላይ የማጽናት ችግር እንደ ነበረበት ከእነዚህ ትረካዎች የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ነበር። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ድል ከሆነ በኋላ፣ እስከ የካቲት 1535 ዓ.ም. ድረስ በደጋውም በቆላውም ጦርነት ሆነ። በክርስቲያኑም በእስላሙም ወገን ቁጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ አለቀ። አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ካህናቱም የሞተው ሞቶ የተረፈው ተበተነ። የብራና መጽሐፍ ሲቃጠል ሌላ ቅጂ ካለበት ይገለበጣል። የድጓ መምህር ሲሞት ግን ከእርሱ ጋር የሚሞተው ንባቡ አይደለም፤ ንባቡ የሚዜምበት መንገድ ነው።

ከዚህ ጥፋት በኋላ የሆነው ነገር ለሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት ተነሥተው የድጓን ምልክት እንደ ሠሩና ለተድባበ ማርያም ካህናት እንዳስተማሩ አጭሩ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። ተድባበ ማርያም በአማራ ሳይንት የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ናት። ከዚያ ዘመን በፊት የተጻፉት የድጓ ብራናዎች፣ በኋላ ዘመን ሰው ካልታከለባቸው በቀር፣ የዜማ ምልክት አይታይባቸውም፤ ከዚያ በኋላ የተጻፉት ግን ከየቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈሩ ምልክቶችን ይዘዋል።

ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንት ምልክቶች በሊቃውንቱ ትውፊት ለያሬድ የሚሰጡ ናቸው፤ ድርስና አንብር በኋላ ተጨምረው አሥር ሆነዋል። በትውፊቱና በዜና መዋዕሉ መካከል ያለውን ልዩነት ሊቃውንቱ ያሬድ መሠረተ፣ ጌራና ራጉኤል አስፋፉት በማለት ያስታርቁታል። ከእነዚህ ሌላ የፊደል ምልክት አለ። ይህ ከአንድ በሚገባ ከታወቀ የግእዝ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተቆንጥሮ በሌላ ቃል ራስ ላይ የሚጻፍ ሲሆን፣ ትርጓሜው «ይህን ቃል ያ ቃል በተዜመበት መንገድ አዚመው» ማለት ነው። የእነዚህ የፊደል ምልክቶች ብዛት ከ500 እንደሚበልጥ አጥኚዎች ቆጥረዋል።

ስለዚህ ሥርዓት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ የሙዚቃ ኖታ ጋር እየተነጻጸረ «እኛም ኖታ ነበረን» ተብሎ ይታለፋል። ንጽጽሩ ኩራትን ለመግለጽ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። ኖታ የሚያውቅ ሙዚቀኛ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ላይ አንሥቶ መጫወት ይችላል። የድጓ ምልክት ግን ዜማውን ቀድሞ ላልሰማ ሰው ምንም አይነግረውም። የተሠራው ከመምህር አፍ ለሰማ፣ ነገር ግን ሊዘነጋ ለሚችል ተማሪ ነው። መምህሩን አይተካም፤ መምህሩ አንዴ የነገረውን ሁለት ጊዜ እንዳይደግም ያሳርፈዋል። መምህራን በጠፉበትና ተማሪ በፍጥነት ማፍራት ባስፈለገበት ዘመን የተገኘ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ጌራና ራጉኤል በዜማው ላይ ለወጣቱ ጆሮ የሚስማማ አዲስ ነገር ጨመሩ የሚል ታሪክ የለም። ያደሱት የመማሪያውን መንገድ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ስለሚመጣው ዘመን ለመፍረድም ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት የዜማ ትምህርት በየሙያው ማስመስከሪያ ቦታ እያበጀ ተደላደለ። ለድጓ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ የታወቁ ሆኑ። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከትውልድ መንደሩ ርቆ፣ አንዳንዴም ከወላጆቹ ኮብልሎ ይሄዳል። ልብሱ ደበሎ፣ ንብረቱ አኩፋዳ ነው። ቀን ቀን በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል። ሌሊት በጨለማ በቃሉ ያጠናል። መምህሩ ወይም የበሰለ ተማሪ ቀጸላ ይሰጠዋል፤ እርሱም በበኩሉ ታናሹን ያስቀጽላል። አንድ መምህር እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ሊይዝ የሚችለው ተማሪ ተማሪን ስለሚያስተምር ነው። የድጓ ተማሪ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ መጽሐፉን ከነምልክቱ ራሱ መጻፍ ይጠበቅበት ነበር። የዜማው ምልክት በጣቱም በጉሮሮውም እንዲያልፍ ማድረጉ የተማሪ ቤቱ ልዩ ብልሃት ነው።

የጎንደር ዘመን ለዚህ ትምህርት የጨመረለት ትልቅ ነገር አቋቋም ነው። አንድ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዘወዘ ይደገማል። በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ በጽፋት ጭብጨባው ታክሎ ፍጥነቱ ይጨምራል። ያው ንባብ ከጽሞና ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከ ሽብሸባው ድረስ ይወጣል። ለኪነ ጥበብ ሰው ይህ አደረጃጀት ብቻውን ረጅም ጥናት የሚሻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አቋቋም ብዙ ሰው ይፈልጋል። በቀኝና በግራ ተሰልፎ የሚቀባበል ማኅሌት በሁለት ሽማግሌዎች አይቆምም። ጉልበት ያላቸው ወጣት ደባትር ያስፈልጉታል፤ ለወጣቱም ገና ትምህርቱን ሳይጨርስ ቆሞ የሚያገለግልበት ቦታ ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ ሰው የሚቀልበው ማን ነበር? ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአድባራት ጉልት ይተክሉ ነበር፤ ለምሳሌ እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም የተከሉት ጉልት በታሪክ የታወቀ ነው። ደብተራው ማኅሌት በመቆሙ መሬት ይይዛል፤ ከመሬቱ የሚገኘው ግን ከገበሬው ጉልበት ነበር። ተማሪውንም በቀን በቀን ቁራሽ የምትመግበው ያቺው የገበሬ ሚስት ናት። በአንድ በኩል በግብር፣ በሌላ በኩል በምጽዋት፣ የዜማውን ትምህርት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሸከመው ስሙ በየትኛውም መልክና ገድል ያልተጻፈው ገበሬ መሆኑ የታወቀ ይሁን። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው አርሶ ይብላ፣ ይገብር ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር የተጣሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በሒሳባቸው ውስጥ ደብተራ አልተቆጠረም፤ ቅዳሴ በአምስት ሰው ይቀደሳል፣ ማኅሌት ግን አይቆምም። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ገበሬው ሸክም ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ነበር። መልሳቸው ግን የዜማ ቤቱን በር የሚዘጋ ነበር።

ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በመሐዲስቶች ተዘርፋ ተቃጠለች። ብዙዎቹ አድባራት ፈረሱ። አቋቋሙ ግን አልጠፋም፤ በተበተኑት ተማሪዎች ቃልና እግር ውስጥ ነበረና።

የ20ኛው መቶ ዓመት ፈተና እሳት አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከእርሱ የወጣ ወጣት ደመወዝ ያገኛል፣ ከዜማ ቤት የወጣ ግን የምስክር ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የለም። ከ1960 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በጎንደር የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የዜማ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ውጭ ሲያድሩና ቁራሽ ሲለምኑ አይተው ልባቸው ተነካ። እርሳቸው በአውሮፓ ስልት የሠለጠኑ የፒያኖ ሙዚቀኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ሙዚቃቸውን በሸክላ ያስቀረጹትም ገቢው ለእነዚህ ድሆች ተማሪዎች እንዲውል ብለው ነበር። አንዲት መነኩሴ ከፒያኖዋ ባገኘችው ገንዘብ የዜማ ተማሪን ለመርዳት መነሣቷ የግል ደግነት ምስክር ነው፤ ትምህርቱ ምን ያህል ደጋፊ አጥቶ እንደ ነበርም ያሳያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የደብተራውን መሬት ከገባሩ ጫንቃ ላይ አነሣ። አራሹ የመሬቱ ተጠቃሚ መሆኑ ለዘመናት የተጠበቀ ፍትሕ ነበር። በዚያው ቀን ግን የዜማ ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ወደቀ፤ በምትኩ ምን ይቁም የሚለውን ጥያቄ በጊዜው ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። መምህራኑ ከበላይ ጽሕፈት ቤት በሚሰጥ አነስተኛ ድጎማና በምእመናን መዋጮ ቀሩ። ተማሪው ግን እንደ ጥንቱ በገበሬዋ ደጃፍ ቆመ፤ እርስዋም እንደ ጥንቱ አልነፈገችውም።

በዚሁ ክፍለ ዘመን በከተማ ሌላ ዓይነት ወጣት ብቅ አለ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተመሠረተውን የሃይማኖተ አበው የተማሪዎች ማኅበር የመሳሰሉ ስብስቦችና በየአጥቢያው የተቋቋሙት ሰንበት ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት የሚከታተለውን ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን መለሱት። ይህ ልጅ ግእዝ አያውቅም፤ ለድጓ የሚሰጠው አራትና አምስት ዓመት የለውም። ስለዚህ በአማርኛ መዝሙር ተሰጠው። መዝሙሩ አጭር ነው፣ ትርጉሙ ወዲያው ይገባል፣ በከበሮና በጭብጨባ በአንድ ሳምንት ይጠናል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ የመካነ ኢየሱስና የሙሉ ወንጌል ወጣት መዘምራን በአዲስ አበባ በአማርኛ መዝሙር ይታወቁ ነበር። ፉክክሩ በግልጽ ባይነገርም ሁሉም ወገን የሌላውን ይሰማ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የእሑድ ጧት የቀበሌ ስብሰባና የኪነት ልምምድ ከቅዳሴው ሰዓት ጋር መጋጨቱ የሚታወስ ነው። ይሁንና የአንድ ሠፈር ልጆች ነበሩ። በቀበሌው ኪነት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ በረድፍ ቆሞ፣ በአንድ ምልክት እጁን የሚያነሣው ወጣትና በሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ተሰልፎ የሚያሸበሽበው ወጣት ወንድማማቾች፣ አንዳንዴም ያው አንዱ ሰው ነበሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አለባበስና አሰላለፍ ከደባትሩ ማኅሌት ይልቅ በምን እንደሚመስል ለተመለከተ ሰው፣ ኪነ ጥበብ በር ተዘግቶበትም በመስኮት እንደሚገባ ግልጽ ይሆንለታል።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን የሴት ልጆች ነገር ነው። የድጓው ጎጆ፣ የአቋቋሙ ሰልፍ፣ የመሪጌትነቱ ማዕርግ በልማድ የወንድ ነበር። ሴቲቱ ከቅጥሩ ውጭ እልል ትላለች፣ ተማሪውን ትመግባለች እንጂ ቀጸላ አይሰጣትም። በሰንበት ትምህርት ቤት ግን ልጃገረዶች ከወንዶች ጋር በአንድ መዘምራን ቆሙ፤ ከበሮ መቱ፣ መዝሙር አወጡ፣ ወረብ አጠኑ። በብዙ አጥቢያዎች ቁጥራቸው ከወንዶቹ በልጦ ይታያል። ይህ ያለ ብዙ ክርክር፣ ያለ አንዳች አዋጅ የተፈጸመ በመሆኑ ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ከጌራና ራጉኤል ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ ከደረሱት ለውጦች ሁሉ የዚህን ያህል ብዙ ሰው የነካ ማግኘት ያዳግታል።

በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል የካህናት ማሠልጠኛን ያቋቋሙት የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ሁለቱን ዓይነት ወጣቶች ለማገናኘት ከሞከሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። እስካረፉበት እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን እየሰበሰቡ አስተምረዋል። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በዘመቱ ጊዜ በሠፈሩ ውስጥ ለጸሎት የተሰባሰቡት፣ ከእርሳቸው እግር ሥር ከተማሩት ጋር በመሆን በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ መዝሙር በካሴት፣ ኋላም በሲዲ እየተባዛ ከከተማ እስከ ገጠር ተዳረሰ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ድምፅ ከታክሲ፣ ከሱቅ፣ ከሻይ ቤት ይሰማ ጀመር። ካሴቱ ግን የራሱን ጣጣ አመጣ። ለገበያ የሚወጣው መዝሙር ቶሎ የሚያዝ መሆን አለበትና በኦርጋን የታጀበው፣ የዘፈን ምት የተቀላቀለው በረከተ። በሊቃውንቱ ዘንድ የተነሣውም ክርክር ይኸው ነው። ያሬዳዊ ዜማ የትኛው ነው? በሦስቱ ስልት የተቃኘ አዲስ የአማርኛ መዝሙር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ክርክሩ አንዳንዴ የመሣሪያ ክርክር ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። ኦርጋኑ ቢወጣና ከበሮው ቢገባ፣ የመዝሙሩን ደራሲ ድጓ ያልነካው ከሆነ ዜማው እምብዛም አይለወጥም።

በዚህ ረገድ የበገና ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በገና በማኅሌት ውስጥ አይገባም፤ በቤት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር ባለ አሥር አውታር መሣሪያ ነው። በየአውታሩና በመወጠሪያው ብርኩማ መካከል የሚገባችው ትንሽ ቆዳ የምትሰጠው ንዝረት ከሌሎች የአገራችን መሣሪያዎች ሁሉ ትለየዋለች። በቀድሞው ዘመን የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ደርዳሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በእንጦጦ ሲኖሩ ጎረቤታቸው የነበረ የ12 ዓመት ልጅ በገናውን ሰምቶ ተማሪያቸው ሆነ። ልጁ ዓለሙ አጋ ነበር። አቶ ዓለሙ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረው ሳለ ሙያቸው በገና ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከዚያም መሣሪያው ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ በመታየቱ ትምህርቱ ቆመ፤ መምህሩም ፒያሳ አካባቢ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። በራዲዮ በጾም ወራት ይሰማ የነበረው በገናም ጠፋ።

ለአሥር ዓመት ያህል በገና የሞተ መሰለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን በራዲዮ ተመልሶ ተሰማ፤ የእርሳቸውም ካሴት ወጣ። ቀጥሎም የማታና የቅዳሜ የበገና ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማኅበራት ተከፈተ። ተመዝጋቢዎቹ የቢሮ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ብዙ ሴት ልጆችም ነበሩ። እንጨት ጠርበው፣ አንጀት ፈትለው በገና የሚሠሩ ጥበበኞችም ሥራ አገኙ። እዚህ ላይ የሆነውን ከተድባበ ማርያም ጋር ማስተያየት ያሻል። የበገናው ዜማ ለወጣቱ እንዲቀል አልተደረገም፤ ፍጥነቱም አልተጨመረም። የተለወጠው የማስተማሪያው ሰዓት፣ ቦታና ተማሪው ነው። ቀን የሚሠራ ሰው ማታ እንዲማር ተደረገ፤ ጣት በየአውታሩ በቁጥር ተለይቶ በክፍል ውስጥ ተሰጠ። አንድ ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ያስተላልፈው የነበረው ለ30 ሰው በአንድ ጊዜ ተሰጠ። ከ30ው ስንቱ ደርዳሪ እንደሚሆን ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን በገናን የሚለይ ጆሮ ያለው ትውልድ ተፈጠረ።

የድጓው ነገር ከበገናው ይከብዳል። በገና በሁለት ዓመት ማታ ማታ ይለመዳል፤ ድጓ ግን የሰውን ወጣትነት በሙሉ ይጠይቃል። ድጓ በ1950ዎቹ መጨረሻ በማተሚያ ቤት ከታተመ ወዲህ ተማሪው ብራና መዳመጥና መጻፍ ቀርቶለት ጊዜ ተረፈው። በጽሕፈት ይገኝ የነበረው የእጅ ትምህርትም አብሮ ቀረበት። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመዘገብ በፎቶግራፍ የታዩት ያጌጡ መዘምራንና ምንጣፍ የሚያነጥፉ የሠፈር ወጣቶች ነበሩ። በዚያ በዓል ዋዜማ ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆሙት መሪጌቶች የተማሩባቸው ጎጆዎች ግን በመዝገቡ ፎቶግራፍ አይገቡም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በጋይንትና በዋድላ ሲያልፍ፣ ለዘመናት ድጓና ቅዳሴ ሲማርባቸው የኖሩት ወረዳዎች የጦር ሜዳ ሆነው ነበር።

ሁለቱን ወጣቶች የማገናኘቱ ሥራ በአንዳንድ አጥቢያዎች ተጀምሯል። ከገጠር ጉባኤ ቤት ተመርቆ ወደ ከተማ የመጣ መሪጌታ ከመዘምራኑ ጥቂቱን ለይቶ ማታ ማታ ከውዳሴ ማርያም ዜማ ይጀምራል። ከዚያ ጾመ ድጓ ይከተላል። አሥር ጀምረው ሦስት የሚዘልቁበት ጊዜ ብዙ ነው። የዘለቁት ግን መዝሙር ሲያወጡ ሰሚው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ የአማርኛው መዝሙር በግእዙ ስልት ላይ ቆሞ ይሰማልና። ሴት ልጆቹ በዚህ ትምህርት እስከ የት እንደሚፈቀድላቸው ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል፤ የውዳሴ ማርያሙን ዜማ ያለ ተቃውሞ ያጠናሉ፣ ከዚያ በላይ ሲደርስ አለቃው ይጠየቃል። ወጪውንም የሚሸፍነው ባለ ጉልት አይደለም፤ በየወሩ ከደመወዙ የሚያዋጣ ሠራተኛ፣ አንዳንዴም በውጭ አገር የሚኖር ምእመን ነው።

በገጠሩ ጎጆም የተንቀሳቃሽ ስልክ ገብቷል። ተማሪው የመምህሩን ቀጸላ በድምፅ ቀርጾ በመንገድ ላይ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አድርጎ እየሰማ ይሄዳል። ከመምህራኑ የሚቃወሙ አሉ፤ ልብ የሚይዘውን ስልክ ከያዘው ልብ ይሰንፋል ይላሉ። የሚፈቅዱም አሉ። ሌሊት ቀጸላው በሚሰማበት ሰዓት ግን በሁለቱም ዘንድ ሥርዓቱ ያው ነው፤ ስልኩ ይጠፋል፣ ተማሪው በጨለማ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፣ የትናንቱን በቃሉ እስኪያወርድ ድረስ አዲስ አይጨመርለትም።